የዋሽንግተን 37ኛው የምርጫ ወረዳ፦ ወሰኑ እንዴት እንደሚሳል፣ ወንበሩ እንዴት እንደሚሞላ፣ ድምፃችን የት ላይ እንደሚቀር

በደቡብ ሲያትል በሬኒየር ሸለቆ የሚኖር ሰው በአንድ ጊዜ በብዙ ካርታ ላይ አለ። የከተማው ምክር ቤት የራሱ ዲስትሪክት አለው፣ የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት የራሱ፣ የትምህርት ቦርዱ የራሱ፣ የፌዴራሉ ኮንግረስም የራሱ። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ ኦሎምፒያ ለሚቀመጠው የስቴቱ ሕግ አውጪ የተከፋፈለው ካርታ አለ። ሰዎቻችን በደንብ ሊያውቁት ሲገባ የማያውቁት ይህንን የመጨረሻውን ነው። በማኅበር ስብሰባም ሆነ በቡና ላይ ስለ ኪራይ ምሬት ሲነሳ የሚወቀሰው ከንቲባው ወይም ፕሬዚዳንቱ ነው። የኪራዩ ቁልፍ ግን ያለው ኦሎምፒያ ነው።

ሁለት ምሳሌ ላንሳ። በዋሽንግተን ስቴት ከተሞች በራሳቸው የኪራይ ጣሪያ እንዳያወጡ የከለከለው በ1981 የወጣ የስቴት ሕግ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2025 የጸደቀው 1217 ቁጥር የተወካዮች ቤት ሕግ ደግሞ ለመላው ስቴት ጣሪያ አበጀ። በ12 ወር ውስጥ የሚጨመረው ኪራይ ከ7 በመቶ እና ከዋጋ ንረቱ ድምር፣ ወይም ከ10 በመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ። ተከራይ በገባ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ጭማሪ የለም፣ ከዚያም በኋላ የ90 ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ የሚሆኑ አንዳንድ ቤቶች አሉ፣ አዲስ የተሠሩት ለምሳሌ። በጥቅሉ ግን የሬኒየር አቬኑ ተከራይ ጉዳይ የተቆረጠው በከተማው አዳራሽ አይደለም።

ሁለተኛው የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች ጉዳይ ነው። ብዙ ወገን በዚህ ሥራ ላይ ስላለ ነገሩ የቤታችን ነገር ነው። በ2022 የወጣው 2076 ቁጥር ሕግ ከሲያትል ውጭ ለሚነሳ ጉዞ ዝቅተኛውን ክፍያ በማይል 1.17 ዶላር፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም፣ በጉዞ ቢያንስ 3 ዶላር ብሎ አስጀመረ። በሲያትል ውስጥ በማይል 1.38፣ በደቂቃ 59 ሳንቲም ነበር መነሻው። በተጨማሪ የሕመም ፈቃድና አካውንቱ ያለ አግባብ ሲዘጋበት አቤት የሚልበት መንገድ ለሾፌሩ ሰጠው። በዚያው ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች በዚህ ጉዳይ ላይ አዲስ ደንብ የማውጣት ሥልጣናቸው በእጅጉ ተገደበ። ከዚህ በኋላ ክፍያ ይሻሻል የሚል ሾፌር ደጅ የሚጠናው ኦሎምፒያ ነው።

ስቴቱ በ49 የምርጫ ወረዳ ተከፍሏል። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች ይልካል፤ ሴናቱ 49፣ የተወካዮች ቤቱ 98 አባላት አሉት ማለት ነው። ሴናተር ለ4 ዓመት፣ ተወካይ ለ2 ዓመት ይመረጣል። ሁለቱ የተወካይ ወንበሮች ፖዚሽን 1 እና ፖዚሽን 2 ይባላሉ፤ ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። ወረዳው ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን የሚመርጥ የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም፣ የወረዳው መራጭ በሙሉ ሁለቱንም ወንበር ይመርጣል። ስለዚህ ለአንድ ጉዳይ ስትጽፉ ደብዳቤው ለሦስቱም ይሂድ። አንዱ ባይመልስ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስቱም የናንተ ናቸው።

37ኛው ከሴንትራል ዲስትሪክት አካባቢ ተነስቶ በሬኒየር ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና ስካይዌይን ይዞ የሬንተንን አንድ ክፍል ይነካል። ስካይዌይ በምንም ከተማ ያልተጠቃለለ የካውንቲ መሬት ነው። የስካይዌይ ነዋሪ ከንቲባ የለውም፣ የከተማ ምክር ቤት የለውም፤ ያለው ካውንቲውና ስቴቱ ብቻ ነው። ለእርሱ የኦሎምፒያዎቹ ሦስት ሰዎች ከሌላው ይልቅ ይከብዳሉ። ሬንተን ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከተማዋ ለብዙ ወረዳዎች ተከፋፍላለች፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ በ37ኛው፣ ሌላው በ11ኛው ሊሆኑ ይችላሉ። በዚፕ ኮድ አትገምቱ። በስቴቱ ሕግ አውጪ ድረ ገጽ ላይ ወረዳን የሚፈልግ ገጽ አለ፤ ሙሉ አድራሻችሁን፣ የቤት ቁጥሩን ጨምራችሁ አስገቡ። ከዛሬ ስድስትና ሰባት ዓመት በፊት ያወቃችሁትንም እንደገና አረጋግጡ፣ ካርታው ከ2022 ምርጫ ጀምሮ ተቀይሯል።

የወረዳው ታሪክ ከሲያትል የመኖሪያ ቤት ታሪክ አይለይም። ጥቁሮች በከተማው ብዙ ሰፈር ቤት እንዳይገዙ በውል ላይ በሚጻፍ ክልከላና በባንኮች እምቢታ ታግደው በሴንትራል ዲስትሪክት እንዲታጨቁ ተደርገው ነበር። ግፍ ነው። ያው ግፍ ግን በአንድ ቦታ የተከማቸ ድምፅ ፈጠረ፣ ያ ድምፅም ወንበር አስገኘ። በ1950 ቻርልስ ስቶክስ የተባሉ ጥቁር ጠበቃ፣ ሪፐብሊካን ነበሩ፣ ከ37ኛው ተመርጠው ከኪንግ ካውንቲ ወደ ስቴቱ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። በ1958 ሳም ስሚዝ በዴሞክራትነት ተመረጡ፣ የቤት ሽያጭና ኪራይ መድልዎን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ በየስብሰባው ዘመኑ ሲገፉ ኖሩ። የሲያትል መራጭ እንዲህ ያለውን ሕግ በ1964 በሰፊ ልዩነት ጥሎታል። ስሚዝ በ1967 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆኑ፣ በኤፕሪል 1968 ያ ሕግ በከተማው ምክር ቤት አለፈ። ዘጠኝና አሥር ዓመት የፈጀ ነገር ነው፤ አንድ ረቂቅ በአንድ ዓመት ካልጸደቀ ተስፋ ቆርጠው ለሚቀመጡ ይህን ዘመን ማሰብ ይበጃል።

ከዚያ በኋላ በሩ ሰፋ። ጆርጅ ፍሌሚንግ በ1968 ወደ ተወካዮች ቤት፣ በ1970 ወደ ሴናት ገቡ፤ የስቴቱ የመጀመሪያ ጥቁር ሴናተር ናቸው። በዚያው በ1970 ፔጊ ማክሲ ወደ ስቴቱ ሕግ አውጪ በምርጫ የገቡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በ1982 የፔጊ ማክሲን ወንበር ጌሪ ሎክ የሚባሉ የቻይና ስደተኞች ልጅ በቅድመ ምርጫ አሸንፈው ወሰዱ፤ ኋላ በ1996 የስቴቱ ገዥ ሆነው ተመረጡ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ቻይናዊ አሜሪካዊ ገዥ ማለት ነው። ሻሮን ቶሚኮ ሳንቶስ ከ1999፣ ኤሪክ ፔቲግሩ ከ2003 ጀምሮ ገቡ። አዳም ክላይን ለረጅም ጊዜ ሴናተር ነበሩ፣ በ2014 ፕራሚላ ጃያፓል ተመርጠው ተኳቸው። ቺፓሎ ስትሪት በ2023 ገቡ። እነዚህን ስሞች የደረደርኩት አንድ ነገር እንዲታይ ነው። ይህ ወረዳ ከሌላ አገር የመጣ ወይም የተገፋ ሕዝብ ልጅ ወንበር ሲይዝበት የኖረ ወረዳ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ከሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ወገኖቹ ጋር በዚያው ሸለቆ ሰፍሮ፣ ምግብ ቤቱንና ገበያውን ከፍቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ይዞ ተቀምጧል። ወንበሩ እንግዳ አይደለበትም።

ካርታውን ማን ይስለዋል የሚለው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ሕገ መንግሥቱ ወሰን በየጊዜው እንዲታደስ ቢያዝም የዋሽንግተን ሕግ አውጪዎች ከ1901 በኋላ እስከ 1930 አልነኩትም፤ በ1930 ሕዝቡ ራሱ ባመነጨው ረቂቅ (ኢኒሼቲቭ) ድምፅ ሰጥቶ አስለወጠው። በ1956 ደግሞ የሴት መራጮች ሊግ ያቀረበው አዲስ ካርታ በሕዝብ ድምፅ አለፈ፣ በማግስቱ በ1957 ሕግ አውጪዎቹ አሻሻልነው ብለው ብዙውን መለሱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወሰን ሲነካ ወንበር ይነካል፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ቢላ የሚያነሳ የለም። በ1960ዎቹ የፌዴራል ፍርድ ቤት ገብቶ በ1965 ሌላ ሕግ ከማውጣታችሁ በፊት ወሰኑን ጨርሱ አላቸው። በ1972 እንደገና መስማማት ሲያቅታቸው ፍርድ ቤቱ ሪቻርድ ሞሪል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ምሁርን ሾሞ ካርታውን አሳላቸው። ይህ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሰለቸው ሕዝብ በ1983 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ሥራውን ለኮሚሽን ሰጠ።

ኮሚሽኑ አምስት ሰው ነው። አራቱን የሁለቱ ፓርቲዎች መሪዎች በሁለቱም ምክር ቤት ይሾማሉ፣ አምስተኛው ሰብሳቢ ድምፅ የለውም። ካርታ የሚያልፈው ከአራቱ ሦስቱ ሲስማሙ ነው፤ ይህም ማለት አንድ ፓርቲ ብቻውን መወሰን አይችልም። የመጨረሻው ቀን በ1 የሚያልቀው ዓመት ኖቬምበር 15 ነው፣ ከዚያ ካለፈ ነገሩ ወደ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሕግ አውጪው ካርታውን መንካት የሚችለው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከአንድ ወረዳ ሕዝብም 2 በመቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚሽኑ ከጨረሰ በኋላ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በ2021 ኮሚሽኑ በኖቬምበር 15 እኩለ ሌሊት ላይ፣ የተሳለ ካርታ በሕዝብ ፊት ሳይቀርብ ድምፅ ሰጠ፤ ድርድሩም በዝግ ስለተደረገ የክፍት ስብሰባ ሕግን ጥሷል ተብሎ ተከሰሰና በስምምነት ጨረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 3 ካርታውን ተቀበለው። በያኪማ ሸለቆ ያለው ክፍል ግን የላቲኖዎችን ድምፅ አዳክሟል ተብሎ በ2023 በፌዴራል ፍርድ ቤት ወደቀ፣ በ2024 ምርጫ በአዲስ ወሰን ተተካ። የተከራከረ ማኅበረሰብ ካርታ በፍርድ ቤት ማስቀየር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። በ2020 ቆጠራ የስቴቱ ሕዝብ 7,705,281 ነበር፤ ለ49 ሲካፈል ለአንድ ወረዳ ወደ 157,250 ሰው ይደርሳል። በ2010 የአንድ ወረዳ ድርሻ ወደ 137,240 ነበር። ከድርሻው በታች ያደገ ወረዳ ወሰኑ ይሰፋል፣ በላይ ያደገ ይጠባል፤ መስመሩ ባለበት የሚቆምበት ጊዜ የለም። የሚቆጠረው ደግሞ ዜጋው ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ገና የተወለደ ሕፃን፣ ሁሉም ይቆጠራል። ድምፅ መስጠት የማይችለው አያትም ለወረዳው ክብደት ይሰጣሉ። ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች ቆጠራ ሲመጣ የኪራይ ውሉ ላይ ያለውን አንዱን ብቻ ጽፈው ሲመልሱ የሚጎድለው ለአሥር ዓመት ነው። የቆጠራ መረጃ ለባለ ቤትም፣ ለኢሚግሬሽንም እንዳይሰጥ ሕግ ይከለክላል፤ ይህን ለሰው ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሰው የሚደበቀው ከፍርሃት ነው።

አሁን ሰው ፈጽሞ ወደማያውቀው በር ልምጣ። አንድ ሕግ አውጪ ዘመኑ ሳያልቅ ወንበሩን ቢለቅ ተተኪውን የሚሾመው ሕዝቡ አይደለም። የለቀቀው ሰው ፓርቲ ሦስት ስም ያቀርባል፣ ከሦስቱ አንዱን የካውንቲው ምክር ቤት ይመርጣል። ሦስቱን ስሞች በተግባር የሚመርጡት በወረዳው ያሉ የፕሪሲንክት ኮሚቴ ኃላፊዎች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒሲኦ ይሏቸዋል። ፕራሚላ ጃያፓል በ2016 ለኮንግረስ ሲመረጡ የ37ኛው የሴናት ወንበር በዚህ መንገድ ነው የተሞላው፤ በዲሴምበር 2016 የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ርቤካ ሳልዳንያን ሾመ፣ በ2017 በሕዝብ ፊት ቀርበው አሸነፉ። ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ወረዳ ሴናተር በመጀመሪያ የተጠቆሙት በአንድ አዳራሽ በሚገባ ሕዝብ ነው። እነማን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፒሲኦ መሆን ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ፕሪሲንክት ማለት በጥቂት መቶ የሚቆጠሩ መራጮች ያሉበት፣ ከጥቂት ብሎክ የማይበልጥ ሰፈር ነው። የፓርቲው አባልና በዚያ ፕሪሲንክት የተመዘገበ መራጭ መሆን ይበቃል፤ ክፍያ የለም፣ ፊርማ ማሰባሰብ የለም። ሙሉ ቁጥር በሆነው ዓመት (2026፣ 2028 እያለ ይቀጥላል) በሜይ ወር በእጩዎች መመዝገቢያ ሳምንት በካውንቲው የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ትመዘገባላችሁ። ሌላ ሰው ካልተመዘገበ ስማችሁ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሳይወጣ እንደ ተመረጠ ይቆጠራል። ተፎካካሪ ካለ በኦገስት ቅድመ ምርጫ ይለያል። ዘመኑ 2 ዓመት ነው። ሥራው ጎረቤትን ስለ ምርጫ ማስታወስና በፓርቲው የወረዳ ስብሰባ መገኘት ነው፤ በወር አንድ ምሽት ገደማ። ክፍት ከሆነ ፕሪሲንክት ላይ ከምርጫ ውጭም በፓርቲው በሹመት መግባት ይቻላል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወንበር ተለቀቀ ሲባል ሰምተው በዚያ ሳምንት ለመግባት ይሮጣሉ። ፓርቲዎች ለድምፅ የሚያበቃ መቁረጫ ቀን አላቸው፣ አስቀድሞ ያልገባ አይቆጠርም። ዕቁብ ላይ ዕጣው ሊወጣ ሲል አባል ልሁን እንደማለት ነው። ቤት ስትቀይሩም ተጠንቀቁ፣ ከፕሪሲንክቱ ከወጣችሁ ኃላፊነቱም ይቀራል።

ሕግ ሲወጣ መናገር የምትችሉበት ጊዜም ጠባብ ነው። ስብሰባው የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት 105 ቀን፣ በሙሉው ዓመት 60 ቀን ብቻ ይቆያል። በዚያ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ረቂቅ እስከዚህ ቀን ከኮሚቴ ካልወጣ ይወድቃል የሚባል መቁረጫ አለው፣ የመጀመሪያው የሚመጣው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። ስለዚህ ማርች ላይ ተሰብስቦ አቤቱታ መጻፍ ብዙ ጊዜ ለሞተ ረቂቅ ነው። አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው ተወካዩን የሚያገኝበት ጊዜ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው፣ በዚያ ወቅት ወረዳቸው ውስጥ ናቸው፣ ጊዜም አላቸው። ቀጠሮ የሚይዘው የተወካዩ ረዳት ነው፤ የረዳቱን ስም መዝግባችሁ ያዙ፣ በክብር አናግሩት፣ ደብዳቤያችሁን አንብቦ ለተወካዩ የሚያስረዳው እርሱ ነው።

ኮሚቴ ረቂቁን ለመስማት ሲቀጠር ኦሎምፒያ ድረስ መንዳት የግድ አይደለም። የሕግ አውጪው ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥርና ኮሚቴውን መርጣችሁ ሦስት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፦ በዙም ወይም በአካል ለመናገር መመዝገብ፣ ሳትናገሩ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ ብላችሁ ስማችሁን ማስመዝገብ፣ ወይም በጽሑፍ ማስገባት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስብሰባው ከመጀመሩ 1 ሰዓት በፊት ይዘጋሉ። ጽሑፉ ስብሰባው ከተጀመረ እስከ 24 ሰዓት ይቀበላል። ስም ብቻ ማስመዝገብ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከአንድ ማኅበር 80 ሰው ቢያደርገው ኮሚቴው ቁጥሩን ያየዋል።

የሚናገር ሰው የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ነው። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፣ ወጋችን ረጅም ሰላምታ ነው። ከሰላምታው ወደ ነገሩ እስኪገባ ደወሉ ይደውላል። ይህን ቅርጽ ይዛችሁ ተለማመዱ፦ «ክብርት ሰብሳቢ፣ የኮሚቴው አባላት፣ እገሌ እባላለሁ፣ የምኖረው በ37ኛው ወረዳ ስካይዌይ ነው። ረቂቁን እደግፋለሁ። ኪራዬ ባለፈው ዓመት ይህን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ሆነ፣ ልዩነቱን ለመክፈል ይህን አጎደልኩ። ክፍል ሁለት ላይ ያለው የማስታወቂያ ጊዜ እንዳይቀነስ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።» አንድ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ፣ አበቃ። በእንግሊዝኛ መናገር የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ ረዳቱን ወይም የኮሚቴውን ሠራተኞች ቀናት አስቀድማችሁ ስለ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ አስገቡና አጠገባቸው አንድ ወጣት አስቀምጡ። ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም።

ማኅበራት ለሕንፃ ገንዘብ ሲፈልጉም በሩ ይኸው ነው። የስቴቱ የካፒታል በጀት ውስጥ ለአካባቢ ማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚመደብ ገንዘብ አለ፣ ጥያቄው የሚገባው በወረዳው ሕግ አውጪ ስም ነው። ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው በሐሳቡ ድክመት አይደለም። ቦታው የማኅበሩ መሆኑ ወይም የረጅም ጊዜ ኪራይ ውል መኖሩ አልተረጋገጠም፤ ወይም የቀረው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አልተጻፈም። ሌላው የሚያስደነግጠው ገንዘቡ በተመላሽ መከፈሉ ነው፤ መጀመሪያ ታወጣላችሁ፣ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ይመለሳል። የመነሻ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ማኅበር በጀት ተፈቅዶለትም ሥራ ሊጀምር አይችልም።

ድምፅ መስጠቱ ራሱ በፖስታ ነው። ወረቀቱ ከምርጫው ቢያንስ 18 ቀን በፊት ይላካል፣ ቴምብር አያስፈልገውም። በመጨረሻው ቀን ማታ በፖስታ ሣጥን የተጣለ ግን የማግስቱን ማህተም ይመታበትና ይወድቃል፤ በዚያ ቀን በካውንቲው የድምፅ ሣጥን ውስጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8 ሰዓት በፊት አስገቡ።

በእኛ ሰው ላይ ከሁሉ የሚብሰው ችግር ፊርማ ነው። የስቴቱ ኦዲተር በ2022 ያወጣው ምርመራ በ2020ው ምርጫ የጥቁሮች ወረቀት ከነጮች በአራት እጥፍ ውድቅ እንደተደረገ አሳይቷል፤ ገምጋሚዎቹ አድልዎ ማድረጋቸውን ግን አላገኘም። ዋናው ምክንያት ፊርማው ፋይል ላይ ካለው አለመመሳሰሉ ነው። ብዙ ጊዜ ፋይል ላይ ያለው ፊርማ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ በትንሹ ስክሪን ላይ በጣት ወይም በብዕር የተጫጫረው ነው። አንዱ ሰው ያን ቀን በላቲን ፊደል ስሙን ጽፎ፣ ፖስታው ላይ ግን ለዓመታት የለመደውን የአማርኛ ፊርማ ያኖራል። በአማርኛ መፈረም ክልክል አይደለም፣ ፋይሉ ላይም አማርኛው ካለ። የካውንቲው ምርጫ ቢሮ የፊርማ ማደሻ ቅጽ አለው፤ ከምርጫ በፊት፣ በጸጥታው ጊዜ አዲሱን ፊርማ አስገቡ። መፈረም የማይችሉ አዛውንት ምልክት አድርገው ሁለት ምስክር ከጎን ይፈርማል። ፖስታው ላይ ስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ባዶ አትተዉት፣ ችግር ሲገኝ የሚደውሉት በእርሱ ነው። ፊርማችሁ አልተዛመደም የሚል ደብዳቤ ከመጣ ማስታወቂያ መስሏችሁ አትጣሉት፤ ውጤቱ ከመጽደቁ አንድ ቀን በፊት ድረስ ማስተካከል ይቻላል፣ ለአጠቃላይ ምርጫ ማጽደቂያው ከምርጫው 21ኛ ቀን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ። ዜጋ ያልሆነ ሰው አይመዝገብ፣ አይምረጥ። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የምዝገባ ጥያቄ ይቀርባል፤ እንግሊዝኛው ባልገባው ሰው እጅ የተጫነች አንዲት «አዎ» የዜግነት ማመልከቻን ልታበላሽ፣ ከአገር ልታስወጣም ትችላለች። የተሳሳተ ካለ ለዜግነት ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

የሚቀጥለው ቆጠራ በ2030፣ የሚቀጥለው ካርታ በ2031 ነው። ኮሚሽኑ «የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ» የሚለውን እንዲያይ ሕጉ ያዘዋል፣ እኛ ማን እንደሆንን ግን በካርታ ላይ ካላሳየነው አያየውም። «እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ ላይ እንሁን» የሚል ደብዳቤ አይረዳም። የሚረዳው ይህ ነው፦ ከኦቴሎ ጣቢያ ተነስቶ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና እስከ ሬኒየር ቢች፣ ከዚያ በሬንተን አቬኑ ሽቅብ ወደ ስካይዌይ ያለውን መስመር በእርሳስ አስምሩ። ሱቆቹን፣ ቤተ ክርስቲያኖቹንና መስጊዶቹን፣ የመዋዕለ ሕፃናት ቤቶቹን፣ ልጆቹ የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች በነጥብ አስቀምጡ። በሬንተን በኩል መስመሩ የት ላይ ሲያልፍ አንድን መንደር ለሁለት እንደሚከፍል፣ የጎዳናውን ስም ጽፋችሁ አመልክቱ። ይህን ወረቀት ለማዘጋጀት የማኅበሩ አባላት ሁለት ቅዳሜ ይበቃቸዋል፤ ከ2031 በፊት ያለው ማንኛውም ሁለት ቅዳሜ ይሆናል።